ጠለፋ፣ ሽምግልና እና የመንግሥት ኃላፊነት፦ በሴቶች ላይ የሚፈጸም ጥቃት እንደ ሰብአዊ መብት ጥያቄ



በዛሬው ገለጻዬ አንድ ጥያቄ አነሣለሁ። አንድ ሰው በአንዲት ሴት ላይ የሚፈጽመው ጥቃት ወንጀል መሆኑ ግልጽ ነው፤ የሰብአዊ መብት ጥሰት የሚሆነው ግን እንዴት ነው? ሰብአዊ መብት ሲታሰብ የኖረው ዜጋን ከመንግሥት የሚጠብቅ ጋሻ ተደርጎ ነው። ባል ወይም ጠላፊ ደግሞ መንግሥት አይደለም።

መልሱ የሚገኘው «ተገቢ ትጋት» ከሚባለው መርህ ነው። መንግሥት ጥቃትን ለመከላከል፣ ለመመርመርና ለመቅጣት በቂ ጥረት ካላደረገ፣ በግለሰብ እጅ ለተፈጸመው በደል እርሱም ይጠየቃል። የአሜሪካ አህጉር የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት ይህንን እ.ኤ.አ. በ1988 በሆንዱራስ ላይ በሰጠው ፍርድ አጽንቶታል። በሴቶች ላይ የሚደረግን አድልዎ የሚከታተለው የተባበሩት መንግሥታት ኮሚቴም እ.ኤ.አ. በ1992 ጾታን መሠረት ያደረገ ጥቃት ራሱ አድልዎ መሆኑን አስታወቀ።

መርሁን በአገራችን ሕግ እንፈትሸው። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠለፋን ይቀጣ ነበር፤ ሆኖም ጠላፊው የጠለፋትን ሴት በፈቃዷ በሕግ ካገባት ክሱ ይቀራል። «በፈቃዷ» የሚለው ቃል በወረቀት ላይ ጥበቃ ይመስላል። በተግባር ግን ሽማግሌ ይላካል፣ ካሣ ይቆረጣል፣ «ከእንግዲህ ማን ያገባታል?» ይባላል። ስምምነቱ የሚደረገው በሁለት ቤተሰቦች መካከል ነው፤ ልጅቱ በዕርቁ ላይ ወገን አይደለችም። ስለዚህ ሕጉ ጠለፋን የሚመለከተው በአባት ክብር ላይ እንደ ወደቀ ዕዳ እንጂ በሴቲቱ አካልና ነፃነት ላይ እንደ ተፈጸመ ወንጀል አልነበረም ብዬ አምናለሁ።

በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 35 ሴቶችን የሚጨቁኑና በአካላቸው ወይም በአእምሯቸው ላይ ጉዳት የሚያደርሱ ሕጎች፣ ወጎችና ልማዶች ተከለከሉ። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 587 ከጠለፋ በኋላ የሚፈጸም ጋብቻ የወንጀል ኃላፊነትን እንደማያስቀር ደነገገ።

ይሁን እንጂ በሁለቱ ዓመታት መካከል፣ በ1993 ዓ.ም.፣ በአርሲ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ተጠልፋ ተደፈረች። ጠላፊው በመጀመሪያው ፍርድ ቤት ቢፈረድበትም በይግባኝ ተለቀቀ። ኢኳሊቲ ናው እና የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጉዳዩን ወደ አፍሪካ የሰዎችና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን አቀረቡት። ኮሚሽኑ እ.ኤ.አ. በ2015 መንግሥት የልጅቱን ክብርና የአካል ደኅንነት ባለመጠበቁ ኃላፊ ነው ሲል 150,000 የአሜሪካ ዶላር ካሣ እንዲከፈላት ወሰነ። በአድልዎ ላይ የቀረበውን ክርክር ግን አልተቀበለም። በእኔ አስተያየት የውሳኔው ደካማ ጎን ይህ ነው፤ ለሚስትነት ተብሎ የሚጠለፍ ወንድ የለምና።

የሕጉም ሥራ ገና አላለቀም። የ1997ቱ ሕግ አንቀጽ 620 አስገድዶ መድፈርን የሚተረጉመው «ከጋብቻ ውጭ» የተፈጸመ ድርጊት አድርጎ ነው። የቀድሞው ሕግ ጋብቻን ለጠላፊ መሸሸጊያ እንዳደረገ ሁሉ፣ ይህም ሐረግ ለባል መሸሸጊያ ትቷል። በአንቀጽ 587 የተዘጋው በር በአንቀጽ 620 ክፍት የሆነበትን ምክንያት እንድትመረምሩ፣ በተለይ የመመረቂያ ጽሑፋችሁን ርእስ በመምረጥ ላይ ያላችሁትን ተማሪዎች፣ አደራ እላለሁ።