ከፕሪፕሮሰሰር ውጤት የሚጠፉና የሚተርፉ መመሪያዎች



ለዛሬው ንግግሬ መነሻ የሆነኝ አንድ ተማሪዬ ይዞት የመጣው ችግር ነው። የሲ ፕሮግራሙ በብዙ ኮሮች ላይ በትይዩ እንዲሠራ ከእያንዳንዱ ሉፕ በላይ የኦፕንኤምፒን ፕራግማ ጽፏል፤ የኮምፓይለሩንም አማራጭ አልዘነጋም። ፕሮግራሙ ግን በአንድ ኮር ብቻ ይሠራል። መልሱ ትክክል ነው፤ የስህተት መልእክትም የለም። በኋላ እንደታየው፣ ተማሪው ራሱ የጻፈው አነስተኛ ፕሪፕሮሰሰር ኢንክሉድንና ዲፋይንን ከፈጸመ በኋላ በ# የሚጀምረውን መስመር ሁሉ ሳይለይ ይሰርዝ ነበር።

ኢንክሉድ፣ ዲፋይንና ኢፍዴፍ ለፕሪፕሮሰሰሩ የተሰጡ ትእዛዞች ናቸው፤ ፈጽሟቸው ከውጤቱ ያስወጣቸዋል። ፕራግማ ግን፣ እንደ ፕራግማ ዋንስ ያሉት ጥቂቶች ሲቀሩ፣ ለኮምፓይለሩ የተላከ መልእክት ስለሆነ እንዳለ ማለፍ ይኖርበታል። የኦፕንኤምፒው ቢጠፋ ጉዳቱ የፍጥነት ብቻ ነው። የከፋው ፕራግማ ፓክ ነው፤ ይህ መመሪያ የስትራክት አባላት በሜሞሪ ውስጥ ያለ ክፍተት ተጠጋግተው እንዲቀመጡ ያዛል። በአንዱ ፋይል ጠፍቶ በሌላው ቢቀር፣ አንዱ ክፍል የጻፈውን መረጃ ሌላው አዛብቶ ያነበዋል።

ፕሪፕሮሰሰር ማሳለፍ ብቻ ሳይሆን የራሱንም መስመሮች ይጨምራል። ጂሲሲ ከዚህ ደረጃ አልፎ እንዳይሄድ አድርጋችሁ ውጤቱን ብታዩ፣ በ# ጀምረው ቁጥርና የፋይል ስም የሚያስከትሉ መስመሮች ታገኛላችሁ። ቁጥሩ ቀጣዩ መስመር በዋናው ፋይል የነበረውን ቦታ ያመለክታል። ከስሙ በኋላ 1 ሲኖር ወደ አዲስ ፋይል መገባቱን፣ 2 ሲኖር ወደ ቀድሞው መመለሱን፣ 3 ሲኖር ደግሞ ጽሑፉ ከሲስተም ሄደር መምጣቱን ያሳያል።

ማክሮ ተዘርዝሮ መመሪያ የሚመስል ነገር ቢያስገኝም እንደ መመሪያ አይቆጠርም። ስለዚህ በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣው የሲ ስታንዳርድ በማክሮ ውስጥ ሊጻፍ የሚችል የፕራግማ ኦፕሬተር ጨመረ። ጂሲሲ ይህን በውጤቱ ላይ ራሱን በቻለ መስመር እንደ ተራ ፕራግማ ይጽፈዋል፤ የመስመር ቆጠራው እንዳይዛባም የቦታውን ምልክት ደግሞ ያስቀምጣል። አተገባበሩን ለሞከረ ሰው ይህ ትንሽ ሥራ አይደለም።

የተማሪዬ ፕሪፕሮሰሰር የማያውቀውን መመሪያ እንዳለ እንዲያሳልፍ ሲደረግ ሉፖቹ በትይዩ መሥራት ጀመሩ። የመስመር ምልክት ግን ገና አይጽፍም፤ ኮምፓይለሩ በመስመር 412 ላይ ስህተት አለ ሲለው፣ የእርሱ ፋይል 90 መስመር ብቻ ነው።