ረዳቱ ማሞቂያ ያለ ጊዜው እንዳይነሣ

ስለ ኩዌት የሚናገር ሁሉ አስቀድሞ ሐሩሯን ያነሣል፤ በሐምሌ 2016 እ.ኤ.አ. ሚትሪባ ላይ የተለካው 53.9 ዲግሪ በዓለም የሜትዎሮሎጂ ድርጅት ተመርምሮ የጸና ነውና እውነት አለው። ነገር ግን በሙባረክ አል-ከቢር ጠቅላይ ግዛት፣ በአል-ቁረይን ወይም በሰባሕ አል-ሳሊም ጥርን የከረመ ሰው፣ የሰሜን ምዕራቡ ነፋስ ሌሊቱን ወደ 8 ዲግሪና ከዚያም በታች ሲያወርደው፣ ለሐሩር ተብሎ ወለሉ በእብነ በረድ የተነጠፈ ቤት እንዴት አጥንት ሰርስሮ እንደሚገባ ያውቃል።

ያን ጊዜ ብዙው ቤት የሚሞቀው ሲያቀዘቅዝ በከረመው ኤሲ ነው። በሪሞቱ ላይ የፀሐይ ምልክት ካለበት፣ በውስጡ ያለው ቫልቭ የጋዙን መንገድ ገልብጦ ሙቀትን ከውጭ ወደ ውስጥ ያስገባል፤ ሂት ፓምፕ የሚባለውም ይኸው ነው። ከብርድ አየር ሙቀት መቅዳት ለሰሚው እንግዳ ቢመስልም፣ ሙቀት ፈጽሞ የሚጠፋው ከዜሮ በታች 273 ዲግሪ ላይ ስለ ሆነ፣ ብርድ የሆነው አየርም የሚቀዳ ሙቀት አያጣም፤ ሎርድ ኬልቪን የተባለው ሊቅ ገና በ1852 እ.ኤ.አ. ይህን ጥበብ አስቦት ነበር። አንድ ኪሎዋት ኤሌክትሪክ የተቀበለ መሣሪያ ሦስት ያህል ኪሎዋት ሙቀት ይመልሳል።

በትልልቆቹ የጣሪያ መሣሪያዎች ውስጥ አንዳንዴ የሚጨመረው ረዳት ማሞቂያ ግን ባሕርዩ እንደ ኤሌክትሪክ ምጣድ ነው፤ አንድ ተቀብሎ አንድ ብቻ ይሰጣል። ስለዚህ መቼ እንዲነሣ በቴርሞስታቱ መወሰን ይገባል። የመጀመሪያው ውሳኔ የውጭው አየር ስንት ዲግሪ ሲደርስ ይፈቀድለት የሚለው ነው፤ ለሙባረክ አል-ከቢር 3 ዲግሪ ይበቃል እላለሁ፤ ከዚያ በላይ ፓምፑ ብቻውን ይችለዋልና። ሁለተኛው በታዘዘው ሙቀትና በክፍሉ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ማታ አጥፍቶት ያደረ ሰው፣ ክፍሉ 15 ሆኖ ሳለ ጧት በአንድ ጊዜ 25 ብሎ ቢያዝ፣ ቴርሞስታቱ ፓምፑ ያቃተው መስሎት ረዳቱን ይቀሰቅሳል፤ አንድ ሁለት ዲግሪ እያሉ መጨመር ይሻላል። ኢመርጀንሲ ሂት የሚለው ትእዛዝ ደግሞ ፓምፑን አቁሞ የረዳቱን ሽቦ ብቻ ስለሚያነድድ፣ ፓምፑ ሲሰበር እንጂ ለብርድ ተብሎ አይነካም። የኩዌት ዜጋ ለመኖሪያ ቤቱ ከ1966 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለኪሎዋት ሰዓት 2 ፊልስ ብቻ ስለሚከፍል ብክነቱ ከኪሱ አይታወቀው ይሆናል፤ የሚነደው ዘይትና ጋዝ ግን የአገር ሀብት ነው።

በእነዚህ ቤቶች የሚያገለግሉ እኅቶቻችን ክፍል ግን ብዙ ጊዜ ጠባብ ነው፤ ኤሲውም የፀሐይ ምልክት የሌለው፣ ማቀዝቀዝ ብቻ የሚያውቅ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ የቡናው ከሰል ረዳት ሆኖ ይገባል፤ በተዘጋ ክፍል የሚከማቸው የከሰል ጋዝም ሽታና መልክ ስለሌለው የተኛን ሰው ሳያነቃ ይገድላል። እኅቴ ሆይ፣ ማዳምሽን የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ወይም ተጨማሪ ብርድ ልብስ ለምኚ፤ ቡናሽን ጠጥተሽ ስትጨርሺ ግን ፍሙን ሳይጠፋ ከክፍልሽ አታሳድሪው፣ ወደ ውጭ አውጪው።