መዝገብና አመኔታ፦ ከጎጃም የመሬት ልኬታ እስከ ፋይዳ



መንግሥት የዜጎችን የግል መረጃ ያለአግባብ ይጠቀምበታል የሚለው ስጋት የኮምፒዩተር ዘመን የወለደው ይመስላል። ለቢቸናና ለሞጣ ሕዝብ ግን እንግዳ አይደለም። ጥያቄውም ያኔም ሆነ ዛሬ አንድ ነው፤ «አሁን የሚጻፈው፣ ነገ ለምን ይውላል?»

በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ በወጣ ጊዜ የሞጣ፣ የቢቸናና የሌሎችም የጎጃም አውራጃዎች ገበሬ ተነሣ። ያሠጋው የግብሩ መጠን ብቻ አልነበረም። ምርት ገማቾቹ የመሬት ልኬታ መቅድም፣ ልኬታውም ርስትን የማጣት ዋዜማ መስሎ ታየው። መንግሥት ጦር አዘመተ፤ በመጨረሻ ግን አገረ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴ ከሥልጣናቸው ተነሡ፣ ውዝፍ ግብርም ተማረ። ግምቱ ለግብር ብቻ እንደሚውል ገበሬው የሚያምነው ዋስትና አልነበረም።

ሁለተኛው ምሳሌ የ1989 ዓ.ም. የአማራ ክልል የመሬት ሽግሽግ ነው። በደርግ ዘመን በገበሬ ማኅበር አመራርነት ያገለገሉ ሰዎች «ቢሮክራሲ» ተብለው ተለዩ፤ ይዞታቸውም ከአራት ጥማድ፣ ማለትም ከአንድ ሔክታር ገደማ እንዳይበልጥ ተወሰነ። የእነዚህ ሰዎች አገልግሎት ምሥጢር አልነበረም፤ ጎረቤት ሁሉ ያውቀዋል። ጉዳቱ የመጣው መረጃው ስለ ታወቀ ሳይሆን ላልታሰበለት ዓላማ ስለ ዋለ ነው። የግል መረጃ ጥበቃ ማለት እንግዲህ ገመናን መሸፈን ብቻ አይደለም፤ መረጃን ከተሰበሰበበት ዓላማ ጋር ማሰርም ጭምር ነው።

ዛሬ በዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 መሠረት ፋይዳ የጣት አሻራን፣ የዓይን አይሪስንና የፊት ምስልን ይመዘግባል። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ መታወቂያ ያልነበረው ሰው በባንክም ሆነ በሌላ ተቋም ማንነቱን ያስረዳበታል። ሆኖም መሬት ቢወሰድ ሊመለስ ይችላል፤ አሻራ ግን አንዴ ከእጅ ከወጣ በሌላ አይለወጥም።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን መከበር ያረጋግጣል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ መረጃ ለተወሰነና ለታወቀ ዓላማ ብቻ እንዲሰበሰብ ያዛል፤ ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ችግሩ እዚህ ላይ ነው፤ ከሁሉ የሚበልጠውን መረጃ የሚሰበስበው መንግሥት ነው፣ የሚቆጣጠረውም የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው። ስለዚህ ሕጉ የሚፈተነው ባለሥልጣኑ ሌላውን የመንግሥት መሥሪያ ቤት «ይህን መረጃ ለዚህ ልትጠቀምበት አትችልም» ብሎ በሚከለክልበት ቀን ነው። በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ ያጣው እንዲህ ያለውን ከልካይ ነበር።