ያለ ኢንተርኔት የሚጫኑ የኮምፒዩተር ጨዋታዎችና የግል መረጃ ጥበቃ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ይፋግ በቀድሞ ዘመን የሲራራ ነጋዴዎች መገናኛ በመሆን የምትታወቅ ጥንታዊ የገበያ ከተማ ናት። እንደ ይፋግ ባሉ ከተሞች የኮምፒዩተር ጨዋታ በአብዛኛው በፍላሽ ዲስክ ከሱቅ ወይም ከጓደኛ ተቀድቶ ይጫናል። በርካታ ጊጋባይት የሚይዝን ጨዋታ ከኢንተርኔት ማውረድ ጊዜና ገንዘብ የሚጠይቅ በመሆኑ ይህ አሠራር ተመራጭ ሆኖ ይገኛል።

አሠራሩ የራሱ ጠቀሜታ አለው። ከኢንተርኔት ጋር ያልተገናኘ ጨዋታ የተጠቃሚውን ስም፣ የኢሜይል አድራሻና የአጠቃቀም ልማድ ለአምራቹ ሊልክ አይችልም። እ.ኤ.አ. በ2004 ለገበያ የቀረበው "ሀፍ ላይፍ 2" የተሰኘው ጨዋታ በዲስክ ቢገዛም እንኳ "ስቲም" በተባለው አገልግሎት በኢንተርኔት ካልተመዘገበ አይሠራም ነበር። ከዚያ ወዲህ ምዝገባን የሚጠይቁ ጨዋታዎች ተበራክተዋል።

በዚህ መልኩ የሚሰበሰብ መረጃ ለአደጋ የሚጋለጥበት ጊዜ አለ። እ.ኤ.አ. በ2011 በሶኒ ኩባንያ የፕሌይስቴሽን ኔትወርክ ላይ በተፈጸመ ጥቃት የ77 ሚሊዮን ያህል ደንበኞች መረጃ ተጋልጧል። የ"ፎርትናይት" አምራች ኤፒክ ጌምስም ከ13 ዓመት በታች የሆኑ ሕጻናትን መረጃ ያለ ወላጅ ፈቃድ ሰብስቧል በሚል ለቀረበበት ክስ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 የ275 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ለመክፈል ተስማምቷል።

ይሁንና ያለ ኢንተርኔት መጫን ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ምንጩ ያልታወቀ ቅጂ በአብዛኛው "ክራክ" ከተባለ ፋይል ጋር ይመጣል፤ ይህም ፋይል እንዲሠራ ተጠቃሚው ፀረ ቫይረሱን እንዲያጠፋ ይጠየቃል። ባለቤቱ በገዛ እጁ በሩን በከፈተበት በዚህ ወቅት የይለፍ ቃልን የሚመዘግብ ጎጂ ፕሮግራም ሊገባ ይችላል። ፕሮግራሙም ኮምፒዩተሩ ከኢንተርኔት ጋር እስኪገናኝ ጠብቆ መረጃውን ይልካል። እ.ኤ.አ. በ2010 የታወቀው "ስተክስኔት" ከኢንተርኔት ወደተነጠሉ ኮምፒዩተሮች ሳይቀር በፍላሽ ዲስክ መዛመት መቻሉ ለዚህ አብነት ነው።

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን የመከበር መብት ይደነግጋል። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ጎጂ ፕሮግራም ማሰራጨትን በወንጀልነት የሚያስጠይቅ ሲሆን፣ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የግል መረጃ የሚሰበሰብበትንና ጥቅም ላይ የሚውልበትን ሥርዓት ዘርግቷል። የሶፍትዌር ባለቤትነትም በአዋጅ ቁጥር 410/1996 ጥበቃ ያገኛል።

በመሆኑም ተጠቃሚዎች ፍላሽ ዲስክን ከመክፈታቸው በፊት በታደሰ ፀረ ቫይረስ መፈተሽ፣ ፀረ ቫይረስ እንዲጠፋ የሚጠይቅ ጨዋታን አለመጫን እንዲሁም የባንክና የሥራ ሰነድ የሚያዝበትን ኮምፒዩተር ከጨዋታ መለየት ይኖርባቸዋል። ወላጆችም ልጆቻቸው ለምዝገባ የሚሰጡትን መረጃ አስቀድመው ሊያዩ ይገባል። ጨዋታው ነጻ ቢሆንም የጠፋ የይለፍ ቃል የሚያስከፍለው ዋጋ ከፍተኛ ነው።