እናቱስ የት አለች?

ኦሜላስ በምናብ የተፈጠረች ከተማ ናት። ንጉሥ የላትም፣ ባሪያ የላትም፣ ወታደር የላትም። ሰዎቿ ጠግበው ያድራሉ፣ በበዓላቸው ቀን ፈረስ ያሽቀዳድማሉ። አሜሪካዊቷ ኡርሱላ ለጊን በ1973 እ.ኤ.አ. ስለዚህች ከተማ ያሳተመችው አጭር ታሪክ የሳይንስ ልብወለድና የምናባዊ ድርሰት ትልቅ ክብር የሆነውን የሁጎ ሽልማት አስገኝቶላታል።

የከተማዋ ምስጢር ያለው ምድር ቤት ውስጥ ነው። መወልወያና ባልዲ በሚቀመጥበት ጠባብ ክፍል አንድ ሕፃን ተቆልፎበታል። ራቁቱን ነው፤ የሚሰጠው ምግብ በቀን ግማሽ ሳሕን ነው፤ አንዲት ደግ ቃል እንኳ እንዲነገረው አይፈቀድም። ሕፃኑ ወጥቶ ቢታጠብና ቢጠግብ የከተማው ደስታና አዝመራ በዚያው ቀን ይጠፋል። ይህን የማያውቅ የለም፤ ልጆች ከ8 እስከ 12 ዓመት ሲሆናቸው ይነገራቸዋል። አብዛኞቹ አልቅሰው አልቅሰው ይለምዱታል። ጥቂቶቹ ከተማዋን ጥለው ይሄዳሉ፤ ታሪኩም በዚሁ ያበቃል።

ጂንካ ከተማ የእንግሊዝኛ መምህር ነኝ። ታሪኩን ለተማሪዎቼ አነብላቸዋለሁ። ሌላ አገር እንደ ምሳሌ የሚነበበው ነገር እዚህ ምሳሌነቱ ይቀርና የሰፈር ወሬ ይሆናል። ከዲመካ፣ ከቱርሚ፣ ከቀይ አፈር የመጡ ልጆች አሉኝ፤ ገና ምድር ቤቱ ጋ ስንደርስ ከኋላ ወንበር «ሚንጊ» የሚል ድምፅ ይሰማል።

ሚንጊ በሐመርና በበና ሕዝቦች ዘንድ፣ ቀድሞም በካራ፣ እርግማን አለበት የሚባል ሕፃን ነው። የላይ ጥርሱ ቀድሞ የበቀለ፣ መንታ ሆኖ የተወለደ፣ ያለ ጋብቻ ወይም ያለ ሽማግሌዎች ምርቃት የተፀነሰ ልጅ በሕይወት ከቆየ ዝናብ ይቀራል፣ በሽታ ይገባል፣ ከብት ያልቃል ተብሎ ይታመናል። ስለዚህ ወደ ኦሞ ወንዝ ይጣላል ወይም ጫካ ይተዋል። ይህን ያደረጉ ሰዎች ክፉዎች ነበሩ ብዬ አላስተምርም፤ ለተማሪዎቼም ሐሰት ይሆንባቸዋል። ዝናብ ከቀረ ምን እንደሚከተል በዓይናቸው ያዩ፣ ፍርሃታቸውም እውነተኛ የሆነ ሰዎች ናቸው። ጭካኔ ብዙ ጊዜ የሚገባው ሕዝብን በመጠበቅ ስም ነው።

አንድ ቀን ካነበብኩ በኋላ አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ «ቲቸር፣ እናቱስ የት አለች?» አለችኝ። ለጊን ሕፃኑ የእናቱን ድምፅ እንደሚያስታውስ ትነግረናለች እንጂ እናቲቱን አታሳየንም። እኛ ጋ ግን እናት አለች። ጡቷ ወተት እንደያዘ ልጇን ተቀምታ፣ ለቅሶ ሳይደርሳት፣ በማግስቱ ውኃ ልትቀዳ የምትወርድ እናት ናት።

የካራው ተወላጅ ላሌ ላቡኮ ነገሩን የሰማው ከእናቱ ነው። በ15 ዓመቱ በመንደሩ አንድ ሕፃን ሲወሰድ አይቶ ቢጠይቃት፣ ከእሱ በፊት የተወለዱ ሁለት እህቶቹ ሚንጊ ተብለው መገደላቸውን ነገረችው። ላሌ ከካራ መጀመሪያ ትምህርት ቤት ከገቡት አንዱ ነው። ጥሎ መሄድ ይችል ነበር፤ ማንም አይፈርድበትም። እሱ ግን ሊገደሉ የነበሩትን ልጆች እየተቀበለ እዚሁ ጂንካ፣ ኦሞ ቻይልድ በተባለው ድርጅት ቤት ማሳደግ ጀመረ፤ ከ30 በላይ ሆኑ። ከእኩዮቹም ከሽማግሌዎቹም ጋር መነጋገሩን አልተወም። በሐምሌ 2004 ዓ.ም. የካራ ሽማግሌዎች ሚንጊ መቅረቱን በይፋ አወጁ።

ኤን ኬ ጀሚሲን የተባለች ሌላ አሜሪካዊት በ2018 እ.ኤ.አ. ለለጊን ታሪክ መልስ የሚሆን ታሪክ ጽፋለች፤ ርእሱ ራሱ ቆይተው ስለሚታገሉ ሰዎች ነው። መልሱ ሲጻፍ ካራ ላይ እንዲህ ያለው ትግል ፍሬ ካፈራ 6 ዓመት አልፎት ነበር። ይህን ለተማሪዎቼ ስነግራቸው በኩራት ነው።

ኦሜላስን ጥለው የሚሄዱትን ሰዎች አከብራቸዋለሁ፤ ግን ሕፃኑ ከነሱ መሄድ ምንም አላገኘም። ርኅራኄያቸው ሥልጣን ካለበት ደጅ አልደረሰም። ኦሜላስ ውስጥ የሚደረስበት ደጅም የለም፤ የከተማውን ደስታ ከሕፃኑ ስቃይ ጋር ያገናኘውን ውል ማን እንዳሰረው ለጊን አትነግረንም፤ እንደ ክረምትና በጋ ዝም ብሎ ያለ ነገር ይመስላል። የካራ ውል ግን ባለቤት ነበረው። ያሰሩት ሰዎች ናቸው፤ ስማቸው ይታወቃል፣ ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ይገኛሉ፣ ይለመናሉ። ላሌም ጉልበት ቢኖረው እንኳ ሊያደርገው የማይችለውን፣ እርግማኑን የማንሳት ሥልጣን የነበራቸው እነሱ ብቻ ናቸው፤ አነሱትም።

የካራ ቃል ግን ሐመርንና በናን አያስርም፤ የየራሳቸው ሽማግሌ፣ የየራሳቸው ምርቃት አላቸው። እናቲቱን የጠየቀችኝ ልጅ ሐመር ናት፤ አያቷ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ናቸው። ታሪኩን በሐመርኛ አዘጋጅታ ለዕረፍት ስትሄድ ልታወራላቸው አስባለች፤ ከየት ብጀምር ይሻላል ብላ ስትጠይቀኝ ከእናቲቱ ጀምሪ አልኳት።