የግብርና ኤክስቴንሽን የድህረ ምረቃ ትምህርት

የግብርና ኤክስቴንሽን የድህረ ምረቃ ትምህርት የግብርና ባለሙያዎችን በማስተርስና በዶክትሬት ደረጃ የሚያሠለጥን የትምህርት ዘርፍ ነው። ተማሪዎቹ ገበሬ አዲስ አሠራርን ለምን እንደሚቀበል ወይም እንደሚተው፣ ምክር እንዴት እንደሚደርሰውና ውጤቱ እንዴት እንደሚለካ ያጠናሉ።

ታሪክ

በኢትዮጵያ ዘመናዊ ኤክስቴንሽን የጀመረው ከኮሌጅ ነው። በኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ እገዛ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የተቋቋመው የዓለማያ (ዛሬ ሐረማያ) ኮሌጅ ማስተማርን፣ ምርምርንና ኤክስቴንሽንን ደርቦ ይሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1963 የኤክስቴንሽኑ ሥራ ወደ ግብርና ሚኒስቴር ተዛወረ፤ መምህሩና የገበሬው ማሳም ተራራቁ። ክፍተቱን ለማጥበብ ከተደረጉት ሙከራዎች የሚጠቀሰው እ.ኤ.አ. በ1997 በዓለማያ የተጀመረው የሳሳካዋ መርሐ ግብር ነው። ይህ መርሐ ግብር የመጀመሪያ ዲግሪ ቢሆንም፣ በሥራ ላይ ያሉ ባለሙያዎች ወደ ሥራ ቦታቸው ተመልሰው ከገበሬዎች ጋር የሚያካሂዱትን ፕሮጀክት የትምህርቱ አካል አድርጓል።

የክህሎት ጥያቄ በአብደራፊ

በማስተርስ ደረጃ የተለመደው የመመረቂያ ጥናት የቤተሰብ ኃላፊዎችን በመጠይቅ ጠይቆ መልሱን በስታቲስቲክስ መተንተን ነው። ዘዴው ጥቃቅን ማሳ ላላቸው የደጋ ቀበሌዎች ይስማማል። በምዕራብ ጎንደር ዞን፣ ምዕራብ አርማጭሆ ወረዳ፣ በሱዳን ድንበር አቅራቢያ በምትገኘው አብደራፊ ግን ያለ ማሻሻያ አይሠራም።

የአካባቢው ዋና የገበያ ሰብል ሰሊጥ ነው። ሰሊጥ ሲደርስ ፍሬ መያዣው ይሰነጠቅና ዘሩ ይረግፋል፤ ስለዚህ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ታጭዶ፣ በነዶ ታስሮና ቆሞ ይደርቃል። አጨዳው ጥቂት ቀናት ከዘገየ ምርት ይባክናል። የሚዘገየው ግን ሁልጊዜ ዕውቀት ስለጠፋ አይደለም፤ የቀን ሠራተኛ ስላልተገኘ ወይም በደመወዝ ስምምነት ስላልተደረሰም ይሆናል። የእርሻው ባለቤት ከተማ ሊኖር ይችላል፤ የሚያጭደው ከደጋው ለአንድ ወቅት የመጣ ወጣት ነው። ለቤተሰብ ኃላፊ የተዘጋጀ መጠይቅ ይህን ወጣት አያገኘውም። ስለዚህ ተማሪው ከስሌት በፊት ሊያውቀው የሚገባው ውሳኔውን የሚወስነው ማን እንደሆነ ለይቶ ማወቅን ነው።

ወቅቱም ሌላ ችግር አለው። ሰሊጥ የሚዘራው በሰኔና በሐምሌ፣ በመደበኛው አቆጣጠር ዩኒቨርሲቲዎች ለክረምት በሚዘጉበት ጊዜ ነው። መረጃ ለመሰብሰብ በበጋ የሚሄድ ተማሪ ሠራተኞቹ ከተበተኑ በኋላ ይደርስና በማየት ሊያውቀው የሚችለውን ከባለቤቱ ትዝታ ይጠይቃል።

የምክሩ ይዘትም ከሰብል ያልፋል። በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፈው ካላዛር በዚህ ቆላ በተለይ ሜዳ ላይ የሚያድሩ ወቅታዊ ሠራተኞችን ያጠቃል። ድንበር የለሽ ሐኪሞች በአብደራፊ በሽታውን ሲያክም ቆይቷል። ስለ አጨዳ የሚመክር ባለሙያ ስለ አጎበርም መናገር ካልቻለ ሠራተኛው ሊታመም፣ ነዶውም ሳይሰበሰብ ሊቀር ይችላል።