«ና» እና «ወይም» በሠንጠረዥ ቀመር

የሠንጠረዥ ፕሮግራም በረድፍና በዓምድ የተከፋፈለ የኮምፒዩተር መዝገብ ነው። ረድፍና ዓምድ የሚገናኙበት ቦታ ሴል ይባላል፤ በሴሉም ውስጥ ቃል፣ ቁጥር ወይም ቀመር ይጻፋል። ለግል ኮምፒዩተር የተሠራው የመጀመሪያው የሠንጠረዥ ፕሮግራም ቪዚካልክ ሲሆን፣ ዳን ብሪክሊንና ቦብ ፍራንክስተን የተባሉ አሜሪካውያን አዘጋጅተውት በ1979 እ.ኤ.አ. ለገበያ ቀረበ። ዛሬ በብዙ መሥሪያ ቤት የሚሠራበት ኤክሴል የወጣው በ1985 እ.ኤ.አ. ነው።

ቀመር በትእዛዝ አንቀጽ የሚያስር ዓረፍተ ነገር ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም። =ሰም(ዲ2:ዲ41) ማለት «ከዲ2 እስከ ዲ41 ያለውን ደምር» ማለት ነው። (የተግባሮቹ ስም በፕሮግራሙ ውስጥ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው፤ እዚህ ላይ ግን እንደ አነባበባቸው አስፍረናቸዋል።) ኮምፒዩተሩ የሚፈጽመው የተጻፈለትን እንጂ የታሰበውን አይደለም። ካርመን ራይንሃርትና ኬኔት ሮጎፍ የተባሉ የኢኮኖሚ ምሁራን በ2010 እ.ኤ.አ. ስለ መንግሥት ዕዳና ስለ ኢኮኖሚ ዕድገት ባወጡት ጥናት፣ አማካይ የሚያወጣው ቀመር እስከ 49ኛው ረድፍ መድረስ ሲገባው በ44ኛው ላይ ቆሞ ነበር። አምስት አገሮች ከስሌቱ ውጭ ቀሩ። ይህን በ2013 እ.ኤ.አ. ይፋ ያደረገው ቶማስ ኸርንደን የተባለ ተማሪ ከመምህራኑ ጋር ሆኖ ነው። በጥናቱ ላይ የተነሣው ክርክር በዚህ ብቻ የተወሰነ ባይሆንም፣ ቀመሩ አንዳች የስሕተት ምልክት እንዳላሳየ ልብ በሉ።

አሁን ወደ መረጃ ቋት ተግባሮች እንለፍ። ዲሰም ይደምራል፤ ዲአቬሬጅ አማካይ ያወጣል፤ ዲካውንት ቁጥር ያለባቸውን ሴሎች፣ ዲካውንትኤ ደግሞ ባዶ ያልሆኑትን ሁሉ ይቆጥራል። እያንዳንዳቸው ሦስት ነገር ይጠይቃሉ፤ ይኸውም ርእስ ያለው ዝርዝር፣ የሚሰላው ዓምድ ስምና መስፈርት ናቸው። መስፈርቱ የዝርዝሩን ርእሶች ደግሞ የሚይዝ፣ ከሥሩም ሁኔታዎች የሚጻፉበት ትንሽ ሠንጠረዥ ነው። በአንድ ረድፍ የተጻፉ ሁኔታዎች በአንድነት መሟላት አለባቸው፤ በተለያየ ረድፍ ከተጻፉ ግን የአንዱ ረድፍ መሟላት ይበቃል። እንግዲህ መስተጻምሩ በቃል አይጻፍም፤ የሚያመለክተው ረድፉ ነው።

ስም፣ ፆታ፣ ክፍልና ውጤት የሚሉ ርእሶች ያሉት የተማሪዎች መዝገብ አለ እንበል። ርእሰ መምህሩ «የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ሴት ተማሪዎች ስንት ናቸው?» ብለው ጠየቁ። በንግግራችን ያለው «ና» ነው። ይህን «ና» እንዳለ ተቀብላችሁ «ክፍል» የሚለውን ርእስ ሁለት ጊዜ በመጻፍ 9ን እና 10ን በአንድ ረድፍ ብታስቀምጡ መልሱ 0 ይሆናል፤ በአንድ ጊዜ በሁለቱም ክፍል የሚማር የለምና። የጥያቄው ፍቺ «9ኛ ወይም 10ኛ» ስለ ሆነ ሁለት ረድፍ ያስፈልጋል።

ከዚህም የባሰ ወጥመድ አለ። በመጀመሪያው ረድፍ «ሴት» እና 9 ጽፋችሁ፣ በሁለተኛው 10ን ብቻ ብታሰፍሩ፣ ባዶ የቀረው የፆታ ሴል ማንንም አይከለክልም። በ9ኛ 22 ሴቶች፣ በ10ኛ 18 ሴቶችና 20 ወንዶች ቢኖሩ፣ ትክክለኛው መልስ 40 ሲሆን የምታገኙት 60 ነው። ዜሮ ያስጠረጥራል፤ 60 ግን ማንንም አያስጠረጥርም፤ ለሴቶቹ የስፖርት ልብስ የሚገዛውም 20 ትርፍ ያዝዛል። ስለዚህ «ሴት» የሚለው ቃል በሁለቱም ረድፍ ይደገም። በድርሰት የቃል ድግግሞሽ ይነቀፋል፤ እዚህ ግን ግዴታ ነው።

ስለ ስሞችም አንድ ነገር እንጨምር። በኤክሴል መስፈርት ውስጥ «አበበ» ብቻ ተብሎ ቢጻፍ በእነዚህ ፊደላት የሚጀምር ስም ሁሉ ይገባል፤ አበበችም ትቆጠራለች። አበበ የተባለውን ብቻ ለመፈለግ ="=አበበ" ተብሎ ይጻፋል።

መልመጃ፦ «ከ50 በታች ያገኙ ወንዶችና ከ60 በታች ያገኙ ሴቶች» ለሚለው ሐረግ መስፈርቱን በወረቀት ላይ አዘጋጁ። «ና» በምን እንደ ተተካ አስረዱ።